የሞክሼዬ ድንኳን

በእኛ ጊዜማ ዘነበች የሌለችበት ሰፈር ሰፈር አይባልም ነበር። ዝናብ እየጣለ ሴት ልጅ ከተወለደች አለቀ፣ ዘነበች ናት፣ ሌላ ስም ማን ያስባል። እናንተ አሁን ስም ስልክ ላይ ትፈልጋላችሁ። በርቷል ይሄ ነገር? እየቀዳ ነው? እሺ፣ ትንሽ ወደ እኔ ጠጋ አድርጊው፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም።

ስሜ የአሮጊት ስም ነው እያልሽ ትነጫነጫለሽ አሉ። ኮሌጅ ዜኒ በሉኝ ብለሻል አሉ። ይሁን፣ ዜኒም አያስጠላም። ግን ማን እንዳወጣልሽና ስለምን እንዳወጣልሽ ሳትሰሚ አትጣይው። ያወጣችው አያትሽ ጽጌ ናት፣ የእኔ ታናሽ እህት። እሷም ይኸው ሰሞኑን ጠፋችብኝ። በየማለዳው ከፉሪ ደውላ «አለሽ?» ትለኛለች፣ «አለሁ» እላታለሁ፣ እንዘጋለን። ሌላ ወሬ የለንም፣ ምን ወሬ አለ በእኛ ዕድሜ። ዛሬ ሦስት ቀኗ፣ አልደወለችም። ስልኳ ተበላሽቶ ነው አለችኝ እናትሽ። እሺ ብያለሁ። ስልክም ይበላሻል።

ታዲያ እዚህ ነፋስ ስልክ፣ በእኛ እድር ብቻ ሦስት ዘነበች ነበርን። እኔ ዘነበች ሹራብ ነኝ፣ የተማሪ ሹራብ በመኪና እሠራ ስለነበር። ይሄ ሰማያዊና ቀይ ክር ያላለፈበት የሰፈሩ ልጅ የለም፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆነው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እትዬ ዘነበች፣ አንገቴን ያሳክከኝ ነበር እኮ» ይሉኛል። ሁለተኛዋ ዘነበች ሚዛን፣ እህል ነጋዴዋ፣ ድምፅዋ ወፍጮ ቤቱን ያስንቅ ነበር። ሦስተኛዋ ዘነበች በረኪና። እሷን ነው እንድታውቂልኝ የምፈልገው።

ዘነበች በረኪና ቢጫ ጀሪካን በገመድ አዝላ ቤት ለቤት በረኪና ትሸጣለች፣ ነጭ ልብስም ታጥባለች። የእሷ እጅ የነካው ነጠላ ዓይን ይወጋ ነበር። ጣቶቿ ግን ተልጠው ተልጠው አሻራ የሚባል ነገር አልቀረላቸውም። ከየት እንደመጣች ማንም አያውቅም። እድር ስትገባ ጸሐፊው «የአባት ስም?» ቢላት «አባት የለኝም፣ ዘነበች ብቻ ብለህ ጻፍ» አለችው። «እንዴት ያለ አባት ይጻፋል?» ቢላት «እኔ ያለ አባት ከኖርኩ ወረቀቱ ምን ይከብደዋል?» አለችው። ጻፈ እንግዲህ፣ ምን ያድርግ።

እኔና እሷ ሞክሼ ነበርን። አሁን እናንተ ሞክሼ ስትሉ ስም መመሳሰል ብቻ ይመስላችኋል። ለእኛ ዘመድ ነበር። ሞክሼ ሞክሼዋን በስሟ አትጠራም፣ ሞክሼ ነው የምትላት፣ ሞክሼዋ ስታዝንም አጠገቧ ነው የምትቀመጠው። እና ዘነበች በረኪና በየማክሰኞው በሬ ላይ ቆማ «ሞክሼ፣ አለሽ?» ትላለች። እኔ ከመኪናው ላይ ሳልነሳ «አለሁ፣ ግቢ» እላታለሁ። አትገባም ነበር። «ጀሪካኔ ወለልሽን ያበላሻል» ትልና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ውሃ ጠጥታ፣ በጠርሙስ በረኪና ለእኔ ቀድታ ትሄዳለች። ለሌላው ጠብታም በነጻ አትሰጥም፣ ለሞክሼዋ ግን ትሰጣለች። ይሄ ሁሉ ዓመት ስትመላለስ አንድ ቀን እጇን ይዤ አላስገባኋትም። እሷ አልገባም አለች፣ እኔም እሺ አልኩ። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል ልጄ፣ እውነቴን ነው፣ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ጽጌ ልመለስ፣ ያለ እሷ ነገሩ አይገባሽም።

ጽጌ ፉሪ ተድራ፣ ያኔ ፉሪ እርሻ ነው፣ እናትሽን ሰላምን ወለደች። በወለደች በማግስቱ እናታችን እዚህ እኔ ቤት አረፈች። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና «ለአራስ መርዶ አይነገርም፣ ወተቷ ይደርቃል፣ ልጇ ክርስትና እስክትነሳ ሰማንያውን ቀን ደብቁ» አሉ። ታላቋ እኔ ነኝ፣ እኔ ካልኩ ነው የሚሆነው። እሺ አልኩ። ታዲያ እንዴት እንደደበቅኩ ታውቂያለሽ? እዚህ እናቴን ቀብሬ ጥቁር ለብሼ አለቅሳለሁ፣ ፉሪ ስሄድ መንገድ ላይ አጥር ጥግ ቆሜ ጥቁሩን አውልቄ፣ አበባ ያለው ሻሽ አስሬ እገባለሁ። ገንፎዋን አብሬያት እበላለሁ። እስቃለሁ። «እናቴ ምነው ቀረች?» ትለኛለች። «እግሯን አሟት ነው፣ ሲሻላት ትመጣለች» እላታለሁ። ሰማንያ ቀን።

መርዶው ሲነገራት ጽጌ አላለቀሰችም። አየችኝና «ገንፎዬን እየበላሽ ሳቅሽብኝ» አለችኝ። «ላንቺው ብዬ ነው፣ ለልጅሽ ብዬ ነው» ብላት «አራስ ነበርኩ፣ ግን ሰው ነበርኩ። እናቴን የመቅበር ድርሻዬን ወሰድሽብኝ። እንግዲህ አንቺም ስትሞቺ አይነገረኝ» አለችኝና በሩን አሳየችኝ። በቃ። አሥራ ሁለት ዓመት። ሽማግሌ ብልክ እንቢ፣ ቄስ ብልክ እንቢ፣ ራሴ ሄጄ ደጇ ብቆም ውሻ ለቀቀችብኝ። ሳቂ፣ ሳቂ፣ አሁን ይስቃል። ያኔ ከፉሪ እስከ ቤቴ ድረስ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት።

በመካከላችን የቀረ ሰው ቢኖር ጋሽ ገመቹ ብቻ ነበር፣ ወተት ሻጩ። የፉሪ ሰው ነው፣ ከአባት ከአያት ጀምሮ እዚያው ገበሬ። በአህያ ወተት ጭኖ ማለዳ ወደ እኛ ሰፈር ይመጣል። «እህቴ እንዴት ናት?» እለዋለሁ። «ደህና ናት» ይለኛል። ሌላ አይጨምርም፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነበር።

ታዲያ አንድ ረቡዕ፣ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው፣ ብርድ መትቶኝ ሦስት ቀን ተኝቻለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ «ዘነበች ሹራብ ታማለች፣ ሳንባዋን ነው» ይባላል። ሲነጋጋ ትኩሳቴ ቀለል አለልኝና ፊቴን ልታጠብ ጋቢዬን ተከናንቤ በሩን ብከፍት፣ ደጄ ላይ ወንዶች ካስማ ይቀጠቅጣሉ። ድንኳን ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩ።

«ድንኳን ነዋ» አለኝ አንዱ፣ ጎንበስ እንዳለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ዘነበች ሹራብ።»

እኔ ደግሞ ምን ብል ጥሩ ነው፣ በደንብ አልነቃሁ፣ ትኩሳቱ አለ፣ «ውይ፣ ነፍስ ይማር» አልኩ። እውነቴን ነው። ለራሴ ነፍስ ይማር አልኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ ሲያየኝ መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ጎረቤቴ ከድጃ ደግሞ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልታለቅስ እየመጣች ነበር፣ አየችኝና እዚያው መንገዱ ላይ ቁጭ አለች፣ «ያ አላህ፣ እኔን ነው እሷን ነው የሞተው» ስትል ሰማኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእድራችን ደንብ ሰው ሲሞት በቅጽል ስም አይጠራም። «ሰው በሕይወቱ ሚዛን ተባለ በረኪና ተባለ፣ በሞቱ ቀን ወላጆቹ ባወጡለት ስም በክብር ይጠራ» ብለው አባቶች የደነገጉት ነው፣ ጥሩ ደንብ ነው። ታዲያ ጡሩምባ ነፊው ጋሽ ተካ ሌሊቱ ሲነጋ ከመዝገቡ «ወይዘሮ ዘነበች» ተብሎ ተሰጠው። የአባት ስም የለም። እሱም እንደ ደንቡ ጡሩምባውን ነፍቶ «ያልሰማህ ስማ፣ የእድራችን አባል ወይዘሮ ዘነበች አርፈዋል፣ ቀብራቸው ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው» እያለ ሰፈሩን ዞረ። ድንኳን ተካዮቹ «የትኛዋ ናት?» ሲሉት «የታመመችው ናታ፣ ሌላ ማን ትሆናለች» አላቸው። የማይጠይቅ ሰው ነበር ተካ፣ ሁሉን የሚያውቅ።

ታዲያ እኔ ካለሁ ማን ናት የሞተችው? ሰው ወደ ዘነበች ሚዛን ሮጠ። እሷ መጋዘኗ በር ላይ ቆማ «እኔ አልሞትኩም፣ ደግሞ ገበያተኛዬን አታስደንግጡብኝ» እያለች ትጮሃለች። ያኔ አወቅኩ። ትናንት ማክሰኞ ነበር። «ሞክሼ፣ አለሽ?» ያለኝ አልነበረም። በትኩሳት ተኝቼ አላስታወስኳትም።

የተከራየችው ክፍል ውስጥ ነው አከራዮቿ ሞታ ያገኟት፣ አልጋዋ ላይ፣ ያጠበችውን የሰው ነጠላ አጣጥፋ ወንበር ላይ ደርድራ። ወንዶቹ ድንኳኑን ከእኔ ደጅ ሊነቅሉ ጀመሩ። የእድሩ ሊቀመንበር ግን ቆሞ ያስባል። «የት ወስደን እንተክለዋለን? ግቢው ጠባብ ነው፣ ዘመድ የላት፣ ሐዘንተኛ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው የለም። ልቅሶ ደራሹ ማንን ያጽናና?» አለ።

«አትንቀሉት» አልኩ። «ሞክሼዬ ናት። ድንኳኑ እዚሁ ይሁን፣ እኔ እቀመጥላታለሁ።»

«አንቺ ታመሻል እኮ» አለኝ።

«ሞቻለሁ ብላችሁ አልነበረም እንዴ? ከሞት የተነሳ ሰው መቀመጥ አያቅተውም» አልኩት። ሳቅ መጣበት፣ ልቅሶ ቤት ስለሆነ ዋጠው። እና ጥቁሬን ለበስኩ፣ ነጠላዬን በፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ድንኳኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ከደጄ ያላለፈች ሴት፣ በሞቷ የእኔን ቤት ያዘች። ዘነበች ሚዛንም መጋዘኗን ዘግታ መጣች፣ ለካ በዚያ ድምፅዋ ሙሾ ታወርዳለች። እንዲህ ብላ አወረደችላት፦

የሰዉን ነጠላ ስታነጪ ኖረሽ፣
ዛሬ ገና ላንቺ ነጭ መልበስ ደረሰሽ።

ሰው ሁሉ ተነፋረቀ። በሕይወቷ «በረኪና፣ ነይ ወዲህ» ይሏት የነበሩት ሁሉ።

ይሄ ሲሆን ማንም ያላሰበው ነገር አለ። ጋሽ ገመቹ ማለዳ ሰፈር ሲደርስ ጡሩምባውን ሰምቷል፣ ድንኳኑም እኔ ደጅ ሲተከል አይቷል። ሰውም አልጠየቀም። ወተቱን ከነአህያው ሱቅ በር ላይ ጥሎ፣ አሸዋ ሊጭን በሚሄድ መኪና ተንጠልጥሎ ፉሪ ተመለሰ። ጽጌ ዘንድ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ከመንገዱ ማዶ ጩኸት ተሰማ። «ዘኑዬ፣ ዘኑዬ፣ እህቴ፣ በቁምሽ ሳልታረቅሽ» የሚል። ዘኑዬ የሚለኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው። ድምፅዋን ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው የምሰማው። ልነሳ ብል በልቅሶ ደራሹ መሀል መውጫ አጣሁ። ሰዎች «ቆይ፣ እናት፣ ቆይ» ሊሏት ይሞክራሉ፣ እሷ ማንን ትሰማለች፣ ገፍታቸው ገባች። ባዶ እግሯን ነበረች፣ ጫማዋ መኪናው ላይ ቀርቷል። አንዲት ቀጭን ልጅ ቀሚሷን ይዛ ትከተላታለች፣ እናትሽ ሰላም ናት። ያቺን በሰማንያ ቀን የተለየኋትን ሕፃን ያኔ ነው ደግሜ ያየኋት።

ጽጌ ሐዘንተኛዋ ማን እንደሆነች መች ታያለች፣ እግሬ ሥር ተደፍታ ጉልበቴን ይዛ «አንቺ ማን ነሽ እናቴ? አሳይኝ፣ ፊቷን አሳይኝ፣ እንዳይነገረኝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አፌ ይቆረጥ፣ አንድ ጊዜ ፊቷን አሳይኝ» ትለኛለች።

ነጠላዬን ከፊቴ ገለጥኩና «ጽጌ፣ አለሁ» አልኳት።

አየችኝ።  ከዚያ በጥፊ አጮለችኝ። ሰው ሁሉ እያየ። ያምማል ደግሞ፣ የገበሬ ሚስት እጅ ነው። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አለሽ? አለሽ?» ትላለች፣ «አለሁ» እላለሁ፣ ደግማ «አለሽ?» ትላለች። ስንት ጊዜ እንዳለችኝ አላውቅም። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም፣ ለእናቴም።

«ደብቄሽ ነበር ጽጌ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ገመቹን በየቀኑ እጠይቀው ነበር፣ እንዳትነግራት ብዬ አስምዬ። አንቺም ይቅር በይኝ» አለችኝ። ለካ ያ ዝምተኛ ሰው አሥራ ሁለት ዓመት የሁለታችንንም ጥያቄ ተሸክሞ ሲመላለስ ኖሯል።

ሲቆይ ትንፋሿ ተመለሰና ዙሪያዋን አየች። ሰው ያለቅሳል፣ ድንኳኑ አለ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» አለች።

«ለሞክሼዬ» አልኳትና ነገርኳት። የእጆቿን ነገር፣ የማክሰኞውን ነገር፣ በሬ ላይ «አለሽ?» የምትለውን። ጽጌ ሰምታ ሰምታ «በእሷ ሞት ነው አንቺ የተመለስሽልኝ» አለችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቤ ተቀመጠች። ሦስት ቀን አልሄደችም። ለማታውቃት ሴት እንደ እህት አለቀሰች። ስምንት ሰዓት ላይ ስንቀብራትም ያቺ አባት የሌላት ዘነበች ከኋላዋ የሄደላት ሰው የባለጸጋ ቀብር ይመስል ነበር፤ እኔን ሊቀብር የመጣው ሁሉ አልተመለሰማ።

በሦስተኛው ቀን ጽጌ ስትሄድ ሁለት ነገር አለችኝ። አንደኛው፣ «ከእንግዲህ ደግም ይሁን ክፉ እንዳትደብቂኝ፣ እኔም አልደብቅሽም» አለችኝ፤ ተማማልን። ሁለተኛው፣ «ሁለት ዘነበች አልቅሼ አንዷ ተመልሳልኛለች፣ ሌላዋን እኔ እተካታለሁ» አለችኝ። እሷ ከሰላም ሌላ አልወለደችም። ሰላም አንቺን ስትወልድ ግን ሆስፒታል ድረስ ሄዳ፣ ዝናብም አልነበረም፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ «ዘነበች ናት» አለች። እናትሽ ሌላ ስም አስባ ነበር፣ ማን ሰምቷት።

ስልክ ከገባልን ወዲህ ደግሞ በየማለዳው ትደውላለች። «አለሽ?» «አለሁ።» አንድ ቀን አጓድላ አታውቅም። በኮሮናው ጊዜ ታማ እያቃሰተች እንኳ ደውላለች። እና ስልክ ስለተበላሸባት ሦስት ቀን ዝም ትላለች ስትሉኝ እሰማለሁ እንጂ፣ ልጄ፣ እኔ ሰማንያ ቀን የዋሸሁ ሰው ነኝ። ውሸት ሲመጣ በአካሄዱ አውቀዋለሁ። አንቺም ከመጣሽ ጀምሮ ዓይኔን አላየሽውም።

(እዚህ ላይ ያቋረጥኳት የምቀዳት እኔ ዜኒ ነኝ።)

«እማማ፣ የአያቴ ስልክ አልተበላሸም።»

«አውቃለሁ። ንገሪኝ።»

«ቅዳሜ ሻወር ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። ሆስፒታል ናት። ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ትገባለች። ማሚ ናት እስክትወጣ እንዳንነግርሽ ያለችን፣ ግፊት አለባት ብላ።»

«ሰላም? ያቺ የሰማንያ ቀን ልጅ?» ሳቀች፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። «ምን ታድርግ፣ በእኔ ውሸት ነው ያደገችው። ጽጌስ ምን ትላለች?»

«በየጠዋቱ ለእህቴ ደወላችሁ ወይ ትላለች። ደውለናል፣ አለሁ ብላሻለች እንላታለን።»

 ምርኩዟን ይዛ ተነሳች።

«ነጠላዬን አቀብይኝ፣ ከበሩ ኋላ ነው። ጥቁሩን አይደለም፣ ነጩን፣ በሕይወት አለች እኮ። የግፊት መድኃኒቴንም ያዢልኝ፣ እናትሽ እንዳትጮህብን። ታክሲ ጥሪ። ሦስት ቀን ሙሉ እናንተ አለሁ ብላችሁልኛል፣ አሁን ራሴ ሄጄ ልበላት። ይሄንንም አጥፊውና ነይ እንሂድ፣ ሞክሼ።»